ቅቤ የማያውቅ ድስት

ባሮ ሽንኩርት በቅቤ ሲቁላላ ምራቅ ያስውጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔን ያናድደኛል። አምና ለአጎቴ ልጅ ሠርግ መቱ ሄጄ ያረፍኩበት ሆቴል፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ይኸው ሽታ ከወጥ ቤቱ ተነሥቶ በመስኮቴ ገባ። ለእንግዶች ሾርባ እየተሠራ ነው። ቁርስ ሳልበላ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። አስተናጋጇ «ምነው እህቴ፣ ቅር ያለሽ ነገር አለ?» እያለች እስከ በሩ ተከተለችኝ። አዎ፣ ቅር ያለኝ ነገር አለ፤ ግን ያኔ ያልተወለደችን ልጅ ምን ብዬ ልቆጣት? «ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው» አልኳት። መዋሸት ለእኔ አሁንም ቀላል ነው።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ አራተኛ ክፍል። አባቴ ኡካ በምትባል ከተማ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። እኔን ወባ አክስቶኝ፣ እናቴም አራስ ሆና፣ «እስክታገግም እዚያ ትሁን» ብሎ መቱ አምጥቶ ለታላቅ እህቱ ለእትዬ አስካለ አስረከበኝ። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም የቆየሁት። ከዚያ ሁሉ ወር እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ሁዳዴ ነው።

እትዬ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ወደ ጎሬ ከሚወጣው መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። ጓሯቸው ሲያዩት የተዘበራረቀ ይመስላል፤ ሥሩ ተቀቅሎ የሚበላው አንጮቴ አጥሩ ላይ ተጠምጥሟል፣ ጎደሬው የውሃ መውረጃው ዳር በቅሏል፣ ዱባው የወጥ ቤቱን ጣሪያ ወርሶታል፣ ጎመኑ ባገኘው ቦታ ሁሉ አለ። እሳቸው ግን በጨለማ ቢገቡ የፈለጉትን ቅጠል ቀጥፈው ይወጣሉ። ወጥ ቤታቸው ደግሞ የጓሮው ተቃራኒ ነው። ሁለት መደርደሪያ አለ፤ በግራ የጾም ዕቃ፣ በቀኝ የፍስክ። ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ጭልፋው፣ የሚወለውሉበት ጨርቅ ሳይቀር ለየብቻ ነው። እኔ ታምሜ የተነሣሁ ስለሆንኩ አያስጾሙኝም ነበር። በየጠዋቱ ወተት በቀኙ ድስት ያፈሉልኛል። አንድ ቀን ወተት የነካውን ጭልፋ በግራ በኩል አስቀምጬ ሲያዩኝ አልጮኹም። እጄን ይዘው ወደ ቀኝ አዞሩኝና «ሸክላ የጠጣውን አይረሳም፤ ልብ አድርጊ» አሉኝ።

በግራው መደርደሪያ ከሁሉም የሚከበር አንድ ትልቅ ጥቁር የሸክላ ድስት ነበር። አንድ ጆሮው ተሸርፏል። ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ፣ በጾም ሐዘን ሲደርስ፣ የከተማው ምስር፣ ሽሮና ጎመን የሚሠራው በእሱ ነው። እትዬ አስካለ በጾም ወቅት የመቱ ሰው የሚያምናት እጅ ነበረቻቸው። ምግብ ቤት ገብተው «የጾም ነው? እርግጠኛ ነሽ? ማዪልኝ!» የሚሉ አጥባቂ ሴቶች፣ የእሳቸው ወጥ ሲቀርብ ያለ አንድ ጥያቄ ይጎርሳሉ። «የአስካለ እጅ ከሆነ አይጠየቅም» ይባል ነበር። ሴትየዋ በሌላ ነገር አይኮሩም። ቆራቢ ነበሩና በሁዳዴ ከቤታቸው ውጭ ውሃ እንኳ ሲጠጡ ብርጭቆውን ያሸቱታል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን አንድ የአትክልት ፕሮጀክት መጣ። ዘር ሰጡን። ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ አበባ ጎመን፣ ዝኩኒ። ከክፍሎቹ ጀርባ መደብ ሠራን፤ ከምንጩ በጀሪካን እያመላለስን አጠጣን። ከዘሩ ጋር አንድ ፎቶ የበዛበት መጽሐፍ ነበር፤ የዓለም አገሮች አትክልታቸውን እንዴት እንደሚያበስሉ የሚያስተምር። አማርኛ ነው። የክፍሌ ልጆች በቁቤ እንደ ውሃ የሚወርዱ፣ ፊደል ላይ ሲደርሱ ግን የሚንገታገቱ ነበሩ። እኔ ቤቴ የለመድኩት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አነባለሁ። ስለዚህ መጽሐፉ እኔ እጅ ወደቀ። ቢቀርብኝ ይሻል ነበር።

ያንን መጽሐፍ በየማታው፣ እራት ሳይቀርብ፣ እትዬ አስካለ አንጮቴ ሲልጡ አነብላቸዋለሁ። እኔ የገባኝ ነገር እንዲህ ነው፤ አትክልት የሚበላ ሁሉ ጾመኛ ነው። ስለዚህ ሕንዶች ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ ማለት ነው፤ እንዴት ያሉ ጻድቃን ናቸው! ቻይናዎች ጥቅል ጎመኑን በኃይለኛ እሳት ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው በጥድፊያ የሚያወጡት ከቅዳሴ ሲወጡ ስለሚርባቸው ነው። ጣሊያኖች ቲማቲም የሚያበዙት ሐዘንተኞች ስለሆኑ ነው። ይህን የመጨረሻውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

እሳቸው ግን የሚያዳምጡት እንደ ባለሙያ ነው። «ቆይ፣ ሕንዶቹ ድንቹንና አበባ ጎመኑን አብረው ነው የሚያገቡት? አይሆንም። ድንቹ ይቅደም። ጽሑፉ ተሳስቷል።»

«እርዱን ከዘይቱ ጋር ያስነሡታል ይላል።»

«እንዲህ ነው እንጂ! እነዚህስ ሰዎች ናቸው።» በማግስቱ በጎመን አገዳና በድንች ሠርተው አስቀመሱኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ «እኛስ ስንተኛው ገጽ ላይ ነን?»

ገለበጥኩ፤ መልሼ ገለበጥኩ። አንጮቴ የለም፣ ጎደሬ የለም፣ ጎመን እንኳ የፖርቹጋሎች ሆኖ ነው የተገኘው።

«የለንም።»

«ታዲያ የዓለም አይባልማ» አሉና አንጮቴውን መላጥ ቀጠሉ። ያኔ አልተናደድኩም። አሁን ግን ትዝ ሲለኝ መጽሐፉን ያሳተመውን ሰው ፈልጌ ባገኘው ደስ ይለኛል።

የክፍላችን መምህር ግርማ ይባላል። በወጉ «አንቱ» ልለው ይገባ ነበር፤ አልለውም። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከመቱ ለመውጣት የቸኮለ። ፕሮጀክቱ የዘራነው ሲደርስ የምግብ ውድድር እናደርጋለን ብሎ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ አገር የአትክልት ምግብ ይሠራል። የሚያሸንፈው ክፍል ልጆች ደብተር ያገኛሉ፤ መምህሩ አዲስ አበባ ለሥልጠና ይሄዳል። የግርማ ዓይን ያለው ሥልጠናው ላይ ነው። የእኔ ዓይን ያለው ማይክሮፎኑ ላይ ነበር፤ አሠራሩን በሕዝብ ፊት የማነበው እኔ ነኛ።

ለእኛ ፈረንሳይ ደረሰን። የድንችና የባሮ ሽንኩርት ሾርባ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ከፕሮጀክቱ የመጣ እንግዳ፣ አንዲት ነርስ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ እትዬ አስካለ። ቀኑ ሁዳዴ ስለሆነ ርእሰ መምህሩ ቤት ድረስ መጥተው «ሁሉም አትክልት ነው፤ ሁሉም የጾም ነው። እርስዎ ከቀመሱት ወላጁ ሁሉ ያምናል» ብለው ለመኗቸው። እሺ አሉ። ግርማም በእኔ በኩል ድስት እንዲያውሱን ላከ። ትልቁን ጥቁር ድስት በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝና በሩ ላይ አቆሙኝ።

«ይህ ድስት ቅቤ አያውቅም። ለመምህርሽ ንገሪው።»

ነገርኩት። የነገርኩት ለመሆኑ እምላለሁ። «እሺ፣ እሺ» አለኝ።

በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቡናው አብቦ ነበር። ከክፍሎቹ ጀርባ ጉልቻ ስንጎልት ግቢው ሁሉ በአበባው ሽታ ታውዷል። ድንቹን ላጥን፣ ባሮ ሽንኩርቱን ከአፈሩ አጥበን ከተፍን። ሦስተኛ ክፍሎች ሕንድ ናቸው፤ አምስተኛዎቹ ቻይና፤ ጭሱ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይነፍሳል። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ግርማ ከቦርሳው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጣ።

«ቲቸር፣ ጾም ነው እኮ።»

«መጽሐፉ ምን ይላል? አንብቢው።»

አነበብኩ። ሁለት ማንኪያ ቅቤ ይላል።

«እንግዲህ! ፈረንሳይን እኔ አልፈጠርኳትም።»

«የእትዬ ድስት ግን . . .»

«በዘይት ከሠራነው ያው የእናንተ ቤት ድንች ነው። ማን ይመርጠዋል? ባሮ ሽንኩርቱ ሽታውን ይውጠዋል፤ አይታወቅም።» ቅቤውን በማንኪያ ሳይሆን በጣቱ ገፍቶ ጣለው። ድስቱ ቸስ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ «ስታነቢ ግን ዘይት በዪ። ሰው እንዳይረበሽ ነው። አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ይገባሻል» አለኝ።

ጎበዝ ነሽ ማለቱ አስደሰተኝ። ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል፤ ግን አስደሰተኝ።

ተራችን ደረሰ። ማይክሮፎኑ ከአፌ ስለራቀ ወንበር ላይ አወጡኝ። እትዬ አስካለ ከፊቴ፣ ነጭ በተዘረጋበት ጠረጴዛ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ፈገግ አሉልኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ድንቹን አልኩ፣ ባሮ ሽንኩርቱን አልኩ፣ እሳቱን አልኩ። «በሁለት ማንኪያ . . .» ስል ቃሉ መጽሐፉ ላይ ፊት ለፊቴ አለ። «. . . ዘይት ቀስ ብሎ ይቁላላል» ብዬ ጨረስኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አልመለስ አለ። ሰው አጨበጨበ።

ሾርባው ቀረበላቸው። ማንኪያውን አነሡ። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ለአንድ አፍታ ቆም አሉና ቀና ብለው እኔን አዩ። የኮሩብኝ መስሎኝ ሣቅሁላቸው። ዋጡት። ሁለተኛም ዋጡ፤ ማንኪያውንም አስቀመጡ።

ከፕሮጀክቱ የመጣው እንግዳ ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን አዘንብሎ ጠረገ። «ይህ ልዩ ነው! ይህን ጣዕም በዘይት እንዴት አመጣችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ግርማም፣ ያ ሞኝ፣ ምስጋናው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት፣ ማይክሮፎኑን ከእጄ ነጥቆ «ምስጢሩማ ቅቤ ነዋ!» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ። ከዚያ ሁሉም ሣቀ። አንዷ «እትዬ አስካለ ገደፉ!» ስትል ሣቁ ጨመረ። ግርማ ደንግጦ ወደ እሳቸው ዞረና «እማማ፣ አትክልት እኮ ነው፤ ቅቤው ትንሽ ናት» አለ። እነዚያን የሣቁ ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ግማሾቹ በእሳቸው እጅ ሰላሳ ዓመት የጾሙ ናቸው።

እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ለነርሷ «ለፈረንሳይ ሰባት ይጻፍልኝ። ድንቹ በደንብ በስሏል» አሏት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጉልቻው ሄዱ፤ የተረፈውን ሾርባ ለልጆቹ አስቀዱና ድስታቸውን፣ ገና እየጋለ፣ በነጠላቸው አቅፈው ወደ ቤት ወረዱ። እኔ ከኋላቸው በሃያ እርምጃ እየተከተልኩ «አሁን ዞረው ለምን ዘይት አልሽ ይሉኛል» እያልኩ ስጠብቅ ቤት ደረስን። አልዞሩም።

ውድድሩን ሕንድ አሸነፈች። እኛ ሁለተኛ። ግርማ አዲስ አበባ አልሄደም፤ ለእኔ ሁለት ደብተር ደረሰኝ። ሴትየዋን የሸጥናቸው ለሁለት ደብተር ነው!

በማግስቱ ጠዋት ወተቴ በትልቁ ጥቁር ድስት ውስጥ ይፈላ ነበር። ያ ሁሉ ማኅበርተኛ የበላበት ድስት አንዲት ብርጭቆ ወተት ከታች ይዞ እሳት ላይ ተጎልቷል። ከግራው መደርደሪያ ወደ ቀኙ ተዛውሯል።

«ከእንግዲህ ያንቺ ነው» አሉኝ። በቁጣ አይደለም። ለሴት ልጅ የእናቷ ቀሚስ በውርስ ሲሰጣት በሚነገርበት ድምፅ ነው። ያንን ወተት እስከ ፋሲካ በየጠዋቱ ጠጣሁ። አንድም ቀን ጣዕሙን አልወደድኩትም፤ ትርፍ ግን አላስቀረሁም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኛ እያደር ደፈረሰ። ቦኖ ውሃ ላይ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። «ድስቷ ቅቤ ጠጥቷል አሉ።» «ዛሬ ነው የጠጣው? የባለፈው ዓመትስ ሽሮ ምን ነበር እንደዚያ የጣፈጠው?» ጀሪካኔ እስኪሞላ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዘይት ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ ማለት አምስት ቃል ነው። ጀሪካኑ ሞላ፤ ተሸክሜ ሄድኩ። ለደብረ ዘይት ማኅበሩ ሲደገስ አንዲት ሴት መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን እያሸሸች «ዘንድሮ እርስዎ ይረፉ ተብሏል» አለቻቸው። ሰው እንዲያርፍ ሲነገረው ደስ ይለዋል ብላ አስባ ይሆን? እትዬ አስካለ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው የተለቀመውን ምስር ወደ ማዳበሪያው መለሱት።

የተቆጣላቸው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ጎረቤታችን አደ ጫልቱ። ጴንጤ ናቸው፤ ሁዳዴ አይጾሙም። ነገሩን እንደ ሰሙ የተቦካውን ሊጥ ትተው በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር።

«አስካሌ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ዝም የምትይ? እኔ የናንተን ጾም አላውቅም። ግን ሰውን ሳያውቅ ማብላት ምንድን ነው? ቃኒ ሂን ቀበን! እፍረት የላቸውም እኮ!»

«ተይው ጫልቱ። ያልፋል።»

«አያልፍም! ሂጂና ንገሪያቸው። ልጅቷ ዘይት ብላ አነበበች በያቸው። ሁሉም ሰምቷል። ልጅቷ ናት ያሳሳተችኝ በይ፤ አለቀ።»

«የአሥር ዓመት ልጅ በከተማ ሁሉ ውሸታም ላስብል?»

«ታዲያ አንቺ ይሻላል?»

«እኔ አሮጊት ነኝ። ስሜን ብዙም አልፈልገውም።»

ውሸት ነው። ከስማቸው በቀር ምንም የሌላቸው ሴት ነበሩ። ጎመኑን መሬት ላይ ጥዬ ወደ አንጮቴው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት በአደ ጫልቱ ነው፤ እውነት ስለተናገሩ። ከዚያ በግርማ። በራሴ ለመናደድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታቸው አባ ገብሬ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወሬው ደርሷቸዋል። እትዬ አስካለ ወንበር አቀረቡላቸውና እኔን «ወደ ጓሮ ሂጂ» አሉኝ። አልሄድኩም። በሩ ላይ ቆሜ፣ መቼ እንዳሰብኩት ሳላውቅ፣ «አባ፣ እትዬ አላጠፉም! እኔ ነኝ የዋሸሁት! መጽሐፉ ቅቤ ይላል፣ እኔ ዘይት ብዬ አነበብኩ! እሳቸው አላወቁም!» ብዬ ጮህኩ።

አባ ገብሬ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። የመጡበት ከባድ ነገር ከላያቸው የወረደላቸው መሰሉ። «ጎሽ፣ ልጄ። እንዲህ ነው። እንግዲህ አስካለ፣ ያላወቀ አልበላም። ሰምተሻል? ያላወቀ አልበላም። እኔ ራሴ ለማኅበሩ እነግራቸዋለሁ።» መስቀላቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ።

አለቀ፤ ዳንን አልኩ።

«አውቄያለሁ፣ አባቴ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ምን?»

«ማንኪያው አፌ ሳይደርስ አውቄያለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ቅቤ ያነጠርኩ ሴት ነኝ። ባሮ ሽንኩርት ከእኔ ይደብቀዋል?»

«ታዲያ ለምን ዋጥሽው?»

ወደ እኔ አላዩም። «ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ እያየችኝ ነበር። ብተፋው ያ ሁሉ ሰው እሷን ያያል።»

አባ ገብሬ መስቀል ሊያወጡ የሰደዱትን እጅ መለሱ። «ይህን ባትነግሪኝ ኖሮ . . .» ሲሉ፣

«ለእርስዎ ነው የምዋሸው?» አሏቸው።

ቀኖና ሰጧቸው። እስከ ፋሲካ ጀምበር ሳትጠልቅ እህል እንዳይቀምሱ፣ ለትንሣኤም እንዳይቆርቡ። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ። እኔ በሩ ላይ እንደ ቆምኩ ነኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! ማን ለመናቸው? ሕዝብ ፊት ዓይኔን ቢያጠፉት፣ በጥፊ ቢሉኝ፣ ሾርባውን እፊቴ ላይ ቢደፉት ምን አለበት? አልቅሼ፣ ተቀጥቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት በረሳሁት ነበር። ስላላደረጉት ይኸው እስከ ዛሬ የሆቴል መስኮት እዘጋለሁ። በሰው ምትክ ዕዳ መክፈል ደግ ነገር ነው የሚል ሰው፣ የተከፈለለትን ልጅ መጥቶ ይጠይቅ።

የቀሩትን ሳምንታት ቀን ቀን ጦማቸውን እየዋሉ ጓሯቸውን ሲኮተኩቱ ከረሙ። ከስተው ነጠላቸው ከትከሻቸው ይንሸራተት ጀመር። ማታ ጀምበር ስትጠልቅ የተቀቀለ አንጮቴ በሚጥሚጣ ይበላሉ፤ ሌላ የለም። ስለ ሾርባው አንድም ቃል አላወጡም። እኔም አልጠየቅኩም። ግርማ ግን አንድ ቀን በመንገድ አግኝቶኝ «እማማ ደህና ናቸው?» አለኝ። ድንጋይ አነሣሁ። አልወረወርኩትም፤ ማንሣቴን ግን አይቷል። በዚያ ብቻ ደስ ይለኛል።

የስቅለት ማግሥት፣ ቅዳሜ፣ ቤቱ በሽንኩርት ተሞላ። ሌላው ቢቀር ለአባቴና ለእናቴ ዶሮ መሠራት አለበት፤ ከኡካ ሊመጡ ነው። እትዬ አስካለ ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ሲያቁላሉ፣ በርበሬ ሲያበስሉ ዋሉ። ከአርብ ጀምሮ ውሃ እንኳ ስላልቀመሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ እንቁላል ላጪ ተብዬ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ወጡ ሲደርስ፣ ድስቱ ፊት ቆመው ቆዩ። ወጥ መቅመስ አይችሉም፤ ጾሙ ገና አልተፈታም።

«ነይ እስቲ» አሉኝ።

ሄድኩ። በማማሰያው ጫፍ ትንሽ ወጥ አነሡ፤ እፍ እፍ ብለው አቀዘቀዙትና መዳፌ ላይ ጠብ አደረጉልኝ።

«ጨዉን ንገሪኝ።»

ላስኩት። ምላሴን ቆነጠጠኝ። በዝቷል፤ በጣም በዝቷል። የእትዬ አስካለ ወጥ ጨው በዝቶበት አያውቅም። ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ማማሰያውን እንደ ምርኩዝ ይዘው መልሴን ይጠብቃሉ። ጥሩ ነው ማለት በጣም ቀላል ነበር። ጥሩ ነው ብል ደስ ይላቸዋል፤ ቁጭ ይሉና ያርፋሉ።

«በዝቷል» አልኩ። ደገምኩት። «እትዬ፣ ጨዉ በዝቷል።»

ማሽተት ይችሉ ነበር፤ አላሸተቱም። አደ ጫልቱን በአጥሩ ጠርተው ማስቀመስ ይችሉ ነበር፤ አልጠሩም። እርግጠኛ ነሽ ወይ እንኳ አላሉኝም። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ከእኔ አፍ የወጣ ነው ብለው ዝም ብለው አመኑት። በዚያ ሰዓት የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም፤ እንቁላሉን ሁሉ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ አሉና ከጀበናው አጠገብ ይፈላ ከነበረው ውሃ አንድ ጣሳ ቀድተው ወጡ ላይ ጨመሩበት።